ይሂድ ያለ ሻንጣ ይሸከም

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስሜ ተጠራ!

አሰልጣኝ መስፍን ባዶው የቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቆሞ፣ የከተማችን እግር ኳስ ክለብ፣ የቀይ እሸት፣ የመጀመሪያ የሴቶች ቡድን ተጫዋቾችን ስም በድምፅ ማጉያ ሲያነብ፣ «ግራ ተከላካይ» ብሎ የኔን ስም ጠራ። ሰማሁት፤ ግን አላመንኩም። ጓደኛዬ ሰናይት ጀርባዬን በቡጢ ስትለኝ ነው ያመንኩት።

ከዚያ ሮጥኩ። ቀዩ ጭቃ እስከ ቀሚሴ እየተረጨ፣ ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን እየነፉብኝ፣ የት እንደምሄድ እንኳ ሳላስብ ሮጥኩ። የቆምኩት መናኸሪያው አጠገብ፣ ጎሚስታው በር ላይ ስደርስ ነው። በሩ ተዘግቷል። ጎማ የሚነከርበት ትልቁ ሳፋ በሩ ላይ ተገልብጦ ዶሮ ቆማበታለች። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ጋሽ አስራትን ግንቦት ላይ ቀብረናቸዋል።

ሰው ደስ ሲለው ለሞተ ሰው ሊነግር ይሮጣል? እኔ ሮጥኩ። ደስታዬን እንደያዝኩ የተዘጋ በር ፊት ቆሜ አለቀስኩ። ዶሮዋም አየችኝ፤ ከሳፋው ግን አልወረደችም።

ሰኞ ዕለት መስፍን ትምህርት ቤታችን መጥቶ፣ «አንቺ ጽሑፍ ትችያለሽ አሉ፤ ስለ ጋሽ አስራት ጻፊና መጀመሪያ የምንጫወት ቀን ይነበብ» አለኝ። ድሮ ቢሆን «እኔ? ኧረ አልችልም!» ብዬ እሸሽ ነበር። አሁን ግን «እችላለሁ» አልኩት። እችላለሁም።

ለማያውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ አስራት ቴፒ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ የሚጠግኑ፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። እናታቸው ሸኮ ናቸው፤ አባታቸው ከሰሜን በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። የእማዬ የአናናስና የሙዝ መደብ ከጎሚስታቸው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ እኔ ከትምህርት ቤት መልስ የማድገው እሳቸው አጠገብ ነበር ማለት ይቻላል። መዳፋቸው በጎማ ጠቁሮ ስለሚውል ለሰላምታ የሚዘረጉት ክርናቸውን ነው። ቄስ ቢመጣ ክርን፣ ፓስተር ቢመጣ ክርን፣ የወረዳ ባለሥልጣን ቢመጣም ክርን።

ጎማ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ያዳምጡታል። ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ከዚያ የውስጡን ጎማ አውጥተው፣ ነፍተው፣ ሳፋው ውስጥ ይነክሩታል። አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ሲል «አሃ! እዚህ ነህ!» ይላሉ፤ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው።

ኳስንም የሚያዩት እንደዚያው ነበር። ቀይ እሸት በተሸነፈ ቁጥር፣ ማለትም ብዙውን እሁድ፣ ሰው ሁሉ «አሰልጣኙ ይቀየር፣ አጥቂ ይምጣ፣ ማሊያው ገደ ቢስ ነው» እያለ ሲጮህ፣ እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ነው። «ጎማ ሲያፈስ መኪና አይለወጥም። ቡድኑን ውሃ ውስጥ ክተቱትና አረፋው የሚወጣበትን እዩ። እናንተ ክረምት በመጣ ቁጥር ቀለም ነው የምትቀቡት!»

ለሌላ ሰው ክረምት ኳስ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ሐምሌ ላይ ሜዳችን ጎደሬ የሚተከልበት ማሳ ይመስላል። ለጋሽ አስራት ግን ዋናው ጨዋታ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። የተጫዋቾች ውል ያልቃል፤ ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ፣ ማን ይምጣ የሚባለው በክረምት ነው። በየዓመቱ ከመውረድ በአንድ አቻ ለሚተርፍ እንደኛ ላለ ደካማ ቡድን፣ ሞትና ሽረቱ ያኔ ነው።

በኛ ከተማ ደግሞ ሌላ ቦታ ያለ የማይመስለኝ ልማድ አለ። ደጋፊና ኮሚቴ በቀበሌው አዳራሽ ይሰበሰባል። የተጫዋቹ ስም ይጠራል፤ ተጫዋቹ ራሱ ወጥቶ ፊት ለፊት ይቆማል። ደጋፊው «ይቆይ» ወይም «ይሂድ» ይላል። «ይሂድ» ያለ ሰው ግን ነገሩ በአፍ አያልቅለትም። ያንን ተጫዋች ቤቱ ወስዶ ምሳ ያበላዋል፤ ከዚያም ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ ይሸኘዋል።

ይህን ያመጡት ጋሽ አስራት ናቸው። እማዬ እንደነገረችኝ፣ ድሮ የሚሰናበት ተጫዋች ስሙ የቢሮው በር ላይ ይለጠፍ ነበር። አንድ የቦንጋ ልጅ፣ በረኛ፣ ስሙን በሩ ላይ አይቶ በዝናብ መናኸሪያ ሄዶ መኪና አጣ። ጋሽ አስራት ጠዋት ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲመጡ፣ በረንዳው ላይ በተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች መሃል በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ አገኙት። «እሁድ እሁድ ስሜን የሚዘፍኑት ሰዎች፣ አንድ እንኳ ቻው የሚለኝ ጠፋ?» አላቸው። ልጁን አስታመው ከሸኙት በኋላ ወደ ስብሰባው ገብተው ጮኹ። «ከእንግዲህ ይሂድ ያለ ሻንጣ ይሸከም!»

ከዚያ ወዲህ አዳራሹ ውስጥ አፉን እንዲሁ የሚከፍት ሰው ጠፋ። ባጃጅ ነጂው ማሙሽ ብቻ ነው አንድ ክረምት ተናዶ «ሁሉም ይሂዱ! ጠራርጋችሁ አስወጡልኝ!» ብሎ የጮኸው። ጋሽ አስራት ዞር ብለው አዩትና፣ «ጎበዝ። የቡድን ሙሉ ሻንጣ ባጃጅህ ትችላለች? ሚስትህስ ድስቱ ይበቃታል?» አሉት። ማሙሽ ተቀመጠ።

ሁልጊዜ ልክ ነበሩ እንዳትሉ። አሁን አሰልጣኛችን የሆነውን መስፍንን፣ ክንፍ ተጫዋች ሆኖ በመጣ በዓመቱ «ይሂድ» ያሉት እሳቸው ናቸው። «ይሄ ልጅ ይሮጣል፤ ኳሷን ቤት ትቷት ነው እንጂ የሚሮጠው» አሉ። ብዙው ሰው «ይቆይ» ብሎ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ከመውረድ ያዳነችንን ጎል ያገባው መስፍን ሆነ። ጋሽ አስራት ከእማዬ መደብ ትልቁን አናናስ መርጠው፣ ሕዝብ እያየ ሜዳ ገብተው ሰጡት። «ተሳስቻለሁ። ብላ» አሉት። መስፍን እስካሁን «እንደዚያ የጣፈጠኝ አናናስ የለም» ይላል።

አሁን የታዬን ነገር ልጻፍ። ልዝለለው ብዬ ነበር። ግን እሱን ዘልሎ ስለ ጋሽ አስራት መጻፍ አይቻልም።

ታዬ የሟች እህታቸው ልጅ ነው። ጡት ሳይጥል ነው የወሰዱት፤ ሚስትም ሳያገቡ እንደ አባትም እንደ እናትም ሆነው አሳደጉት። የቀይ እሸት አምበልና የመሃል ተከላካይ ነበር። ከልምምድ ሲመለስ በጎማው ሳፋ እግሩን ታጥቦ የእማዬን የሙዝ ጆንያ ከመኪና ያወርዳል። «እትዬ፣ ይሄ ሙዝ ነው ወይስ ብረት?» እያለ ያስቃታል። ከተማው ይወደው ነበር። እኔማ የመጀመሪያዋን ኳስ ከካልሲ የሠራልኝ እሱ ነው።

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ቀኝ ጉልበቱ ተጎዳ። ተጠግኖ ተመለሰ፤ ግን ያ ታዬ አልተመለሰም። ዞሮ መሮጥ አቃተው። በዚያ ዓመት የገባብን ጎል ሁሉ እሱ በቆመበት በኩል ነበር የሚገባው። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ጋሽ አስራትን ማን ያስቀይማል?

ክረምት ገባ። እኔና እማዬ አዳራሹ በር ላይ ሙዝ ይዘን ተቀምጠናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሊቀመንበሩ አቶ ግርማ «ታዬ» ብለው ጠሩ፤ ታዬ ወጥቶ ቆመ።

«ይቆይ!» አለ ማሙሽ ቶሎ ብሎ።

«ይቆይ! ይቆይ!» አለ አዳራሹ።

አቶ ግርማ እፎይ ብለው ወደሚቀጥለው ስም ሊያልፉ ሲሉ ጋሽ አስራት ተነሱ።

«ቆይ እስቲ ግርማ። አላለቀም።»

«ኧረ ጋሽ አስራት! ሁሉም ተስማማ እኮ።»

«የተስማማው ይሉኝታ ነው። ኳስ አልተስማማችም።» መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ደጋግመው ጠረጉ። «አረፋው የሚወጣበትን ሁላችሁም አይታችኋል። ማንን ነው የፈራችሁት? እኔን? በየዓመቱ ስለ ሰው ልጅ ስናገር ኖሬ፣ እኔ ጋ ሲደርስ አፌ ይያዝ?»

«ጋሼ» አለ ታዬ። ድምፁ ቀጥኗል። «ጉልበቴ እኮ ይድናል። ክረምቱን ካረፍኩ…»

«አይድንም ልጄ። ጠዋት ጠዋት ከአልጋህ ስትወርድ እሰማዋለሁ።»

ታዬ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

«ይሂድ» አሉ።

እማዬ «ወይኔ አስራት!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቅድም «ይቆይ» ያለውም ሁሉ በአሳዳጊው ቃል ተረታ።

ሕጉ ሕግ ነውና ምሳ ማብላት ነበረባቸው። ያሳደጉትን ልጅ፣ በየቀኑ በሚበላበት ገበታ፣ እንደ እንግዳ አስቀምጠው አበሉት። እማዬ አናናስ ልካኝ ስገባ ሁለቱም ቀርበዋል፤ ወጡ ግን አልተነካም። ጋሽ አስራት ሥጋውን እየበለቱ ወደ ታዬ በኩል ይገፋሉ። ታዬ የሚያየው ግድግዳውን ነው።

«ከቡድኑ ብቻ ነው ወይስ ከቤትም ጭምር ነው ይሂድ ያልከኝ?» አላቸው።

«ምን ማለትህ ነው? ቤቱ ያንተ ነው።»

«ቤቱ የኔ ሊሆን ይችላል። መንገዱስ? ከእንግዲህ በየት በኩል ነው የማልፈው? ‹አጎቱ ያባረረው› እያሉኝ?»

ጋሽ አስራት ሌላ ቁራጭ ሥጋ ወደሱ ገፉ። አናናሱን መሬት ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ታዬ በማግስቱ ሄደ። ዲማ ወርቅ የሚቆፍሩ የሰፈር ልጆች ነበሩና ወደነሱ ነው የሄደው። ጋሽ አስራት ሰማያዊ ሻንጣውን በትከሻቸው ተሸክመው ከፊት፣ ታዬ ባዶ እጁን እያነከሰ ከኋላ፣ በኛ መደብ ፊት አለፉ። አንዴ ሻንጣውን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። «ሕግ ነው» አሉት። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ራሳቸው አሰሩት። ታዬ በመስኮት ወደ ውጭ አላየም። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ጋሽ አስራት ወደ ሳፋቸው ተመለሱና አንድ ጎማ ነከሩ። አረፋው ሲወጣ አየሁት። «አሃ» አላሉም።

በታዬ ቦታ ከጅማ አንድ ተከላካይ አስፈረሙ። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነበር። ቀይ እሸት ግን ወረደ። ለካ አረፋው በሌላም በኩል ይወጣ ኖሯል። ከተማው «በታዬ እንባ ነው የወረድነው» አለ። ጋሽ አስራትም ሰሙ። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ሜዳ መምጣት ተዉ።

ቡናው ተለቅሞ ባለቀበት ሰሞን የዲማው ጉድጓድ ተናደ። ታዬ ከሥሩ ነበር። እዚያው ቀበሩት። መንገዱ ለአስከሬን አይመችም ተባለ።

የመጣው ሻንጣው ብቻ ነው። ያው አውቶቡስ ነው ያመጣው። ሹፌሩ ሰማያዊውን ሻንጣ ከጣሪያ አውርዶ ጎሚስታው በር ላይ ቆመ፤ «ጋሽ አስራት፣ አደራ ነው» አለ። ሊሸከሙላቸው የተሯሯጡ ሰዎች ነበሩ፤ ማሙሽም ከባጃጁ ዘሎ ወርዶ ነበር። ማንንም አላስነኩም። በትከሻቸው አድርገው ከመናኸሪያው ወደ ቤታቸው ተሸከሙት። በዚያች አንድ መንገድ ላይ ሲያረጁ አየኋቸው።

በቀጣዩ ክረምት አዳራሹ ውስጥ «ይሂድ» የሚል ሰው ጠፋ። ስም ይጠራል፣ «ይቆይ» ይባላል፤ ስም ይጠራል፣ «ይቆይ» ይባላል። እግሩ የደከመውም፣ ልምምድ የማይመጣውም ይቆይ። የመስፍን ስም ተጠራ። መስፍን ያን ጊዜ ደክሟል፤ ኳሷን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ቤት ትቶ የሚሮጥ ይመስል ነበር። ሕዝቡ «ይቆይ» ሊል አፉን ሲከፍት በሩ ላይ፣ ከኛ ራስ በላይ፣ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«መስፍን ይሂድ።»

ጋሽ አስራት ነበሩ። ዝናብ ያንጠባጥባሉ። ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ «ይሄ ሰውዬ ልቡ ድንጋይ ነው እንዴ?» ያለ ሰውም ሰማሁ።

«ስሙኝ» አሉ። «ስለ ታዬ ጉልበት ልክ ነበርኩ። ዛሬም ልክ ነኝ። ሻንጣውን ግን የተሸከምኩት እስከ መናኸሪያ ነው። ከመናኸሪያ ወዲያስ? አልጠየቅሁም። ሕጉን እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ ጎዶሎ ሕግ ነው ያመጣሁላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ይሂድ የሚል ሰው የት እንደሚሄድም ይናገር። የሚሄድበትን ካላወቀ አፉን ይዝጋ።»

«እርስዎስ ያውቃሉ?» አሉ አቶ ግርማ ቀስ ብለው። «መስፍን የት ይሂድ?»

«ወደ ሴቶቹ።»

አዳራሹ ሳቀ። «የትኞቹ ሴቶች ጋሼ? ለኛም ያሳዩን!» አለ ማሙሽ።

«ከሜዳው ጀርባ በካልሲ ኳስ የሚራገጡትን አላየህም? ለካ ዓይንህ መንገድ ላይ ብቻ አይደለም የማያየው። ይቻትና አንዷ!» በአገጫቸው ወደኔ ጠቆሙ። እኔ ከሙዙ ቅርጫት ጀርባ ተደበቅሁ። «ያሠልጥናቸው። ቡድን ይሁኑ።»

«ጋሽ አስራት፣ ወንዶቹን ማብላት አቅቶን…» አሉ አቶ ግርማ።

«ወንዶቹ ወርደዋል። ሴቶቹ ገና አልወረዱም!»

ያን ቀን አልተፈቀደም። የማሊያም፣ የደመወዝም ነገር የማይሆን ነው ተባለ። ጋሽ አስራት መስፍንን ይዘው ወጡ፤ ጎሚስታው ውስጥ ሥራ አካፈሉት። ቀን ጎማ ይጠግናል፤ አመሻሽ ላይ እኛን በአንድ ኳስ ያሠለጥናል። አንዳንድ ቀን ጋሽ አስራት መጥተው ከቡናው አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። አያጨበጭቡም። ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡናል።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ታመሙ። ወባ መስሎን ነበር፤ ጉበት ሆነ። እማዬ ሾርባ ላከችኝ። ቤታቸው ገብቼ አጠገባቸው ስቀመጥ፣ ሰማያዊው ሻንጣ አልጋው ሥር አለ።

«ግራ ነሽ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሽ አስራት።»

«ታዬም ሲጀምር ግራ ነበር።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያንቀላፉ መስሎኝ ልነሳ ስል ዓይናቸውን ገለጡ። «አንድ ቀን ‹ትሂድ› ይሉሻል። ሁሉንም ይሉታል። ያን ቀን እንዳታለቅሺ። ‹የት?› ብለሽ ጠይቂያቸው።»

«እሺ» አልኩ።

«እሱ አልጠየቀኝም» አሉ፤ «ቢጠይቀኝ አስቀረው ነበር።»

ያ የመጨረሻው ነው። በቀብራቸው ቀን ቄሱም ፓስተሩም መጥተው ነበር። ማሙሽ ባጃጁን አቁሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያልመጡም ነበሩ፤ በታዬ ነገር ዛሬም ይቅር ያላሏቸው አሉ። እኔም ታዬን «ይሂድ» ማለታቸው ልክ ነበር ወይ ብባል አላውቅም። ጉልበቱን ሳስብ ልክ ነበሩ። ሻንጣውን ሳስብ አልነበሩም። ሁለቱንም አንድ ላይ ማሰብ ስጀምር እስክሪብቶው ይቆምብኛል።

በዚህ ክረምት አቶ ግርማ በአዳራሹ ተነስተው፣ «የሴቶቹን ነገር ሌላ ክረምት አናሳድረው፤ ባለቤቱ ሞቶብናል» አሉ። «ይቆዩ» ብሎ የጮኸው የመጀመሪያው ሰው ማሙሽ ነው። ማሊያዎቻችንን የምንይዝበት አጥተን ስንጨነቅ ደግሞ መስፍን ሰማያዊውን ሻንጣ አመጣ። ዚፑ በአንድ በኩል አይዘጋም፤ ሥሩ ላይ የዲማ አፈር እስካሁን አልለቀቀም። አላጠብነውም። በየተራ እንሸከመዋለን፤ የመጀመሪያው ተራ የኔ ነው።

ስለዚህ ኑ! እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያንም ጸሎት ቤትም የሄደው ከተመለሰ በኋላ፣ ከሚዛን ልጆች ጋር እንጫወታለን። ከሸኮም ኑ፣ ከማሻም ኑ። ቢዘንብም ኑ፤ ጃንጥላ ያለው የሌለውን ያስጠልል። እማዬ አናናስ ይዛ በሩ ላይ አለች። አጨብጭቡልን፣ ስናጠፋም ጩኹብን፤ እኔ በግራ በኩል ነኝ፣ እሰማችኋለሁ። «ትሂድ» ልትሉኝ የምትመጡም ኑ። ሻንጣው መስመሩ ዳር ተቀምጧል። ከመጮሃችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንስታችሁ ሞክሩት፤ ከዚያ የት እንደምሄድ ንገሩኝ።